ጠያቂ የማይገባበት ቤት

ናኦሚ ዳቦ ልትገዛ ስትወርድ፣ ከብሎካቸው ፊት ለፊት አምስት ሰዎች የድንኳን ብረት ከፒካፕ ላይ እያወረዱ ነበር።

ቅዳሜ ነው፤ ገና አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል። ቅዳሜ በዚህ ሰዓት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው ካለ፣ ውሃ መጥቶ እንደሆነ ለማየት ጀሪካን ይዞ የወጣ ብቻ ነው። ዛሬ ግን ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረጃው ሥር ቆመዋል፤ ወንዶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያዝ፣ ወደዚህ፣ ቀስ» ይባባላሉ። ናኦሚን ሲያዩ ሁሉም ዝም አሉ።

«ጋሽ ዋቅጅራ፣ ማን ሞቶ ነው?» ብላ የብሎኩን ጥበቃ ጠየቀችው።

ዋቅጅራ ባየችው ቁጥር «ናኦሚ ቆንጆ፣ ማትስ እንዴት አደረገሽ?» እያለ የሚቀልድባት ሰው ነው። ዛሬ ኮፍያውን አውልቆ መሬት መሬት ያያል። «እ... ልጄ... እትዬ መብራት ይነግሩሻል» አለና ወደ ድንኳኑ ሰዎች ሄደ።

እትዬ መብራት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያሉት ጎረቤታቸው ናቸው። ከሴቶቹ መሀል ወጥተው መጡና ናኦሚን ጭምቅ አድርገው አቀፏት። «የኔ ምስኪን! ጠንከር በይ እሺ? ከእንግዲህ ለእናትሽ ያለሻት አንቺ ነሽ።»

«ምን ሆነን ነው እትዬ?»

«አባትሽ ደግ ሰው ነበር፣ ናኦሚዬ። ተኝቷል፣ ተኝቷል ስትይ እኮ አንጀታችንን በላሽው። እናትሽ ልትነግርሽ አቅቷት ነው። ዘመድ ከሆሳዕና እስኪመጣ ብላ ነው የደበቀችሽ።»

 እናቷ ለማለዳ ጸሎት ቸርች የሄደችው በአስራ አንድ ሰዓት ነው። እሷ ራሷ ከቤት ስትወጣ አባቷ ተኝቶ ነበር፤ በሩን በቀስታ ነው የዘጋችው። ግን ይተንፍስ አይተንፍስ መች አየች? ከእትዬ መብራት እቅፍ ተመንጭቃ ወጣችና ሦስቱን ፎቅ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች ሮጠች።

አባቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ በግራ እጁ የሸሚዙን ቁልፍ ይቆልፋል። አንዱን ቁልፍ ያለ ቦታው አስገብቶታል። ቀና ብሎ አያትና ባዶ እጇን ተመለከተ።

«ዳ... ዳቦስ?» አላት።

ናኦሚ ትሳቅ ታልቅስ አላወቀችም። በሩን ቆለፈችና ወለሉ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ያኔ ነው ነገሩ የገባት። ድንኳኑ የሚተከለው ለአባቷ ነው፤ ያስተከለችውም እሷ ናት።

አባቷ አምላኩ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። የሳይቱን ግማሽ ሲንክ የገጠመው እሱ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ደግሞ ወሬ ይወዳል። ሲንክ ሥር ተጋድሞ እንኳን አፉ አያርፍም፤ ባለቤቶቹ ቧንቧው ከተሠራ በኋላም ሻይ አፍልተው ያቆዩታል። ከሦስት ወር በፊት አያት አካባቢ አንድ ሕንፃ ላይ ሥራ ላይ እያለ «ራሴን!» ብሎ ወደቀ። የደም ግፊቱ ሰማይ ነክቶ ነበር፤ እሱ ግን ግፊት እንዳለበት እንኳን አያውቅም። የጭንቅላቱ ግራ ክፍል ውስጥ ደም ፈስሷል ተባለ።

ሃያ ስድስት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ሲወጣ ቀኝ እጁ እንቢ ብሏል፣ ቀኝ እግሩ ይጎተታል። ከሁሉ የባሰው ግን ንግግሩ ነው። ሊል የፈለገውን ያውቀዋል፤ ቃሉ ግን አይመጣለትም። አንዳንዴ «ማንኪያ» ለማለት አንድ ደቂቃ ሙሉ ከራሱ ጋር ይታገላል።

ታዲያ ሰው ሁሉ ሊጠይቀው መጣ። ይምጣ እንጂ! ሲንኩን የሠራላቸው፣ የቸርች ሰዎች፣ የእድር ሰዎች፣ የእናቷ የፀጋ የሱቅ ደንበኞች ሳይቀሩ መጡ። ከብርቱካን ብዛት ቤቱ ጁስ ቤት መሰለ። ይገባሉ፣ ይጸልያሉ፣ ይቀመጣሉ፤ አይነሡም። አንዷ ትጀምራለች፤ «የኔም አጎት ልክ እንዲህ አድርጎት ነበር።» «ከዚያስ?» ይላል ሌላው። «ከዚያማ አረፈ፣ ምን ይደረግ።» ይህን ሁሉ የሚያወሩት አምላኩ ፊት ነው። እሱ አንድ ነገር ለመናገር «ው...» ካለ ደግሞ ቤቱ በሙሉ ይነሣል። «ውሃ ነው?» «ውጪ መውጣት ፈልጎ ነው!» «አይ፣ በርዶት ነው፤ ጋቢ ስጡት!» ከሁሉም ፈጣኗ ናኦሚ ነበረች። የአባቷ አስተርጓሚ መሆኗ ያኮራት ነበር።

አንድ እሁድ አስራ አንድ ሰው ባንዴ መጣ። እነሱ ከሄዱ በኋላ አምላኩ አንድ ነገር ሊል ግማሽ ሰዓት ታገለ። ናኦሚም እናቷም ያላሉት ቃል የለም፤ አንዱም አልሆነም። በመጨረሻ በግራ እጁ ብርጭቆውን አንሥቶ ግድግዳው ላይ ወረወረው፤ ከዚያ አለቀሰ። ናኦሚ በአስራ አምስት ዓመቷ አባቷ ሲያለቅስ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። 

ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ባለ ክሊኒክ እጁንም ንግግሩንም የሚያሠራው ፊዚዮቴራፒስት፣ ሱልጣን፣ ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። «አእምሮው ጥገና ላይ ነው። እየተጠገነ ያለ ቤት ውስጥ ድግስ አይደገስም» አላቸው። «ሁለት ሰው፣ አስራ አምስት ደቂቃ፣ አለቀ። ሲናገር ደግሞ ቃሉን አትቀሙት፤ ጠብቁት። እናንተ በጨረሳችሁለት ቁጥር እሱ መፈለጉን ይተዋል። ብዙው ለውጥ በነዚህ ወራት ነው የሚመጣው። ከዚያ በኋላም አይቆምም፣ ግን ቀስ ይላል።»

እናቷ ታክሲ ውስጥ ስትመለስ ተከዘች። «ሱልጣን ልክ ነው። ግን ማንን ነው ከበር ላይ የምመልሰው? ነገ የሚቀብረን እኮ ይሄ ሰው ነው!»

እናቷ ካልቻለች ናኦሚ ትችላለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ አያት አካባቢ ባለው የልጆች ልብስ ሱቋ ውስጥ ናት፤ ቤት ያሉት አባትና ልጅ ብቻ ናቸው። በር ሲንኳኳ ናኦሚ በጠባቡ ከፈት ታደርግና «ተኝቷል» ትላለች። የመጀመሪያ ቀን ልቧ ደረቷን ሊሰብረው ነበር። በሦስተኛው ቀን ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ብርቱካኑን ትቀበላለች፣ ታመሰግናለች፣ ትዘጋለች።

ደግሞ ሠራ! ቤቱ ፀጥ ሲል አባቷ መንቃት ጀመረ። አንድ ቃል ብቻ ይል የነበረው ሁለት፣ ከዚያ ሦስት ማያያዝ ቻለ። አንድ ቀን «ሻዩ... ስኳር... የለውም» ሲላት ናኦሚ ኩሽና ውስጥ ብቻዋን ጨፈረች። በዚህ ላይ ውሸት ኃጢአት ነው የሚላት ሰው ቢመጣ ልትሟገተው ዝግጁ ነበረች። የሱልጣንን ሌላኛውን ትእዛዝ ግን ረስታው ነበር። አባቷ «መ...» ሲል አሁንም «መጽሐፍ? መነጽር? መብራት ላጥፋ?» ትላለች።

ሐሙስ ለሲቲ ስካን በሌሊት ወጡ። አምላኩን በጋቢ ጠቅልለው፣ ዋቅጅራ ደግፎ መኪና ውስጥ አስገባው። ሲመለሱ መሽቷል፣ መብራት ጠፍቷል፤ ማንም አላያቸውም። ሐኪሙ የደሙ ምልክት እየጠፋ ነው፣ ንግግሩም ይሻሻላል ብሏል። ቀኝ እጁ ግን ለቧንቧ ሥራ ላይመለስ ይችላል። እናቷ ይህን አምላኩ ፊት ዋጥ አድርጋው ቆየችና ኋላ ደረጃው ላይ ብቻዋን ስታለቅስ እትዬ መብራት አገኟት። ምን ሆነሽ ሲሏት መመለስ አቃታት።

ዓርብ ደግሞ ጋሽ ገብረሃንስ መጡ። የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ሹፌር። ማታ ማታ ከአምላኩ ጋር ደረጃው ላይ ተቀምጠው በኳስ የሚጨቃጨቁት እሳቸው ናቸው።

«ተኝቷል» አለች ናኦሚ።

«እሺ፣ አልቀሰቅሰውም። ከበሩ ላይ ሆኜ ፊቱን ብቻ ልየው።»

ለእሳቸው መክፈት ፈልጋ ነበር። ግን ለአንድ ሰው ከከፈተች ለሁሉም ልትከፍት ነው። «አይቻልም ጋሽዬ» አለች ዓይኗን ሰብራ። ሽማግሌው ረጅም ጊዜ ሲያዩዋት ቆዩና «እሺ ልጄ፤ በርቺ» ብለው ወረዱ። ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። የታመመ ሰው ፊት ለወዳጁ ሲከለከል ሰፈሩ ምን ብሎ እንደሚተረጉመው ናኦሚ በምን ትወቀው?

ያን ዕለት ማታ አባቷ «ገብረሃንስ... መጣ?» ብሎ ጠይቋት ነበር። እሷም ከደብተሯ ቀና ሳትል «አይ፣ አልመጣም» አለችው።

አሁን በሩ ይንኳኳል። «ናኦሚዬ ክፈቺ! ብቻሽን አትሁኚ!» ይላሉ እትዬ መብራት። ከኋላቸው አንዲት ሴት ማልቀስ ጀምራለች፤ ሌሎቹ ሊከተሏት ነው። ናኦሚ ከወለሉ ተነሣች። ይህ ሁሉ ሰው እየጮኸ ቢገባ የአባቷ ግፊት ምን ይሆናል? እናቷስ ከቸርች ስትመለስ ድንኳኑን ብታይ? እዚያው ደረጃው ላይ ነው ልቧ ቀጥ የሚለው።

ዞር ስትል አባቷ መስኮቱ ጋ ደርሷል። በግራ እጁ መጋረጃውን ገልጦ ወደ ታች ያያል።

«ማን...» አለ። ቆየ። «ማን... ሞተ?»

መልሱ አፏ ላይ ነበር። ብሎክ አስራ አራት አንዲት አሮጊት ነበሩ፣ እሳቸው ናቸው። ማን ያጣራል? በሁለት ሳምንት ውስጥ ናኦሚ ለእንዲህ ያለ ነገር እጇ ተፈትቷል። አባቷ መጋረጃውን እንደያዘ መልስ ይጠብቃል። አሁን ከዋሸችው ነገም መዋሸት አለባት፤ ከነገ ወዲያም። ደከማት።

«አንተ» አለችው።

«እኔ?» አላት፤ ጥርት አድርጎ፣ ሳይንተባተብ።

«አዎ። ሞቷል ብለው ነው። እኔ ነኝ አባዬ። ሰው ሲመጣ ተኝቷል እያልኩ ስመልስ... በቃ፣ ደብቀውት ነው አሉ።»

አምላኩ ድንኳኑን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ድንኳኑን አየ። ከዚያ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ እንዲህ ስቆ አያውቅም፤ የአፉ ቀኝ ጎን ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል እንጂ ያው የድሮው ሳቅ ነው። ናኦሚ ግፊቱ እንዳይነሣበት ፈርታ «አባዬ በናትህ፣ ቀስ በል!» እያለች አልጋው ላይ አስቀመጠችው።

«ጋሽ ገብረሃንስም ትናንት መጥተው ነበር» አለች ሳቁ ሲበርድ። «አልመጡም ያልኩህ ዋሽቼህ ነው።»

ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ ብሎ ጠፋ። «ሰም... ሰምቻለሁ» አለ። የመኝታ ቤቱን በር በአገጩ አሳያት። «ልጠራው... ፈለግሁ። ስሙን...» ቆመ። ናኦሚ አፏን ልትከፍት ነበር፤ ያዘችው። «ስሙን... ሳገኘው... ሄዷል።»

ናኦሚ በእንባዋ ታጠበች። ግድግዳው ወዲህ ሆኖ የጓደኛውን ስም ሲፈልግ፣ እሷ እዚያ በር ላይ ቆማ ተኝቷል ትላለች! «ይቅርታ አባዬ። ይቅርታ፣ እንድትድን ብዬ ነው» አለች። አባቷ ግራ እጁን ራሷ ላይ አደረገ፤ ቃል አልፈለገም። እስኪወጣላት ድረስ አልቅሳ ስትጨርስ «ክፈቺ» አላት።

«ለማን?»

«ለ... ገ...» አለ። ለማን እንደሆነ ታውቃለች። ሴቶቹ በደጅ ያለቅሳሉ፣ በሩ ይደበደባል፤ እሷ ግን ጠበቀች። «ለገብረሃንስ።»

ናኦሚ በሩን ከፈተችና መሀሉ ላይ ቆመች። ደረጃው እስከ ታች በሰው ተሞልቷል። «አባዬ አልሞተም» አለች። «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ብለው ሊያቅፏት ሲመጡ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «አልሞተም እኮ ነው የምላችሁ! ተኝቶም አልነበረም። እኔ ነኝ የዋሸሁት!»

 ከዚያ ከውስጥ አምላኩ ጉሮሮውን ሲጠርግ ተሰማ። እትዬ መብራት ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ኧረ ጉድ! ኧረ በሕግ አምላክ! አምላኩ ነው?» ማልቀስ የጀመረችው ሴት እልል አለች፤ ሌላዋ «እንዴት ያለች ባለጌ ልጅ ናት!» አለች። ሁሉም ባንዴ ወደ በሩ ተንቀሳቀሱ።

«በአንዴ አይሆንም!» ናኦሚ የበሩን ሁለት ጎን በእጇ ያዘች። «ሰው ሲበዛበት ይደክመዋል፣ ቃል ይጠፋበታል። ሐኪም ነው ያለው፤ ቀድሜ መናገር ነበረብኝ። አሁን ጋሽ ገብረሃንስን ነው የጠራው። ጋሽ ዋቅጅራ፣ እማዬ ሳትመጣ በናትዎ ድንኳኑን ያንሡልኝ!»

ዋቅጅራ ናኦሚ ተናግራ ሳትጨርስ ነው ቁልቁል የሮጠው። ጋሽ ገብረሃንስ ሰው መንገድ እየከፈተላቸው ወጡ። አምላኩን በዓይናቸው ሲያዩት ባርኔጣቸው ከእጃቸው ወደቀ። አጠገቡ ተቀመጡና ግንባሩን ደጋግመው ሳሙት፤ እያለቀሱ እንደሆነ ያወቁ አይመስሉም። ሌሊቱን ሙሉ ድንኳን ሲያስጭኑ ያደሩ ሰው ናቸው።

አምላኩ ሊናገር ተዘጋጀ። ትከሻውን አስተካከለ። «ድ...» አለ።

«ድካም ነው? ድንጋጤ ነው?» አሉ ጋሽ ገብረሃንስ ወዲያው።

«ይጠብቁት ጋሽዬ» አለች ናኦሚ በቀስታ።

«ድ... ድን...» ናኦሚ ቃሉን አግኝታዋለች። «ድኛለሁ» ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ሞቷል የተባለ ሰው ለጓደኛው ሌላ ምን ይላል? ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ሆኖ ያሳክካታል። ከንፈሯን ነከሰች። ሽማግሌውም እንደ እሷ አፋቸውን ገጥመው ይጠብቃሉ። ከታች የድንኳኑ ብረት ሲነቀል ይሰማል። አምላኩ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከፈተ፤ ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ።

«ድንኳኑ...» አለ። «ለኔ... አነሰ።»

 ጋሽ ገብረሃንስ ጭናቸውን በጥፊ መቱና ሳቁ፤ እንባቸው ገና አልደረቀም። «አንተ ሰውዬ! ትልቁ እኮ ለሠርግ ወጥቷል! በሳምንቱ ብትሞት ኖሮ አይቆጭህም ነበር!» አምላኩም ሳቀ። ናኦሚ አልሳቀችም። አንድ ሰከንድ ብትቀድመው ኖሮ «ድኛለሁ ነው አይደል?» ትለው ነበር፤ እሱም ደክሞት ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ስንት እንዲህ ያለ ነገር እንደቀማችው ታስባለች።

አስራ አምስት ደቂቃ ሲሞላ ጋሽ ገብረሃንስ ሳይባሉ ተነሡ። ናኦሚ ተከትላቸው ወጣች። ጥቂት ሰዎች ተናደው ሄደዋል፤ ብዙዎቹ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለዋል። ድንኳኑ ፒካፑ ላይ ተጭኗል። እናቷ አሁን ትደርሳለች፤ ለእሷም ሁሉንም ከመጀመሪያው መናገር አለባት። 

እትዬ መብራት ነጠላቸውን አስተካክለው ከደረጃው ተነሡ። ገና ተቆጥተዋል፤ ዓይናቸው ግን በበሩ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይሄዳል። «እሺ አንቺ ሌባ፤ ለመሆኑ እንዴት ነው? እጁስ ተመለሰለት? ይናገራል ወይ?» አሏት።

ናኦሚ ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ነበራት፤ ስለ ንግግሩም፣ ሐኪሙ ስለ እጁ ስላለውም። አፏን ከፍታ ተወችው።

«ገብተው እሱን ይጠይቁት እትዬ» አለች፤ በሩንም ወለል አድርጋ ከፈተችው። «ግን እስኪጨርስ ይጠብቁት።»